ካርታው «መደበኛ» ሲል በቆሎው ከጠወለገ

ጥያቄ፦ ግማሽ ሄክታር በቆሎ ዘርቼ አበባ ሊያወጣ ሲል ዝናቡ ተቋረጠ። በሳተላይት የተሠራው የድርቅ ካርታ ግን አካባቢያችንን «መደበኛ» ይለዋል፤ ድጋፍ የሚወሰነውም በዚሁ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካርታው የእርስዎን ማሳ ለይቶ አያይም። ለድርቅ ክትትል ለዓመታት ሲያገለግል የቆየው፣ ሞዲስ በተባለ የሳተላይት መሣሪያ የሚነሳው ምስል አንዷ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር ናት፤ ከ6 ሄክታር ትበልጣለች። በቆሎዎ ከዛፉ፣ ከግጦሹና ከመስኖው ጋር ተደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። አረምም ቢሆን ለሳተላይቱ ልምላሜ ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ካርታው የሚሠራበት የልምላሜ መለኪያ ቅጠል ምን ያህል ቀይ ብርሃን እንደዋጠና ምን ያህል ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) እንደመለሰ ያሰላል፤ ባዶ አፈር ከ0.1 እስከ 0.2 አካባቢ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሰብል ከ0.7 በላይ ያሳያል። ፍሬ ግን አይቆጥርም። በቆሎ ጺም በሚያወጣበት ሰሞን ውሃ ሲጠማው የጺሙ መውጣት ይዘገይና የወንዴው ብናኝ ያመልጠዋል፤ ቅጠሉ ሳይደርቅ የበቆሎው ራስ ፍሬ ሳይይዝ ባዶ ይቀራል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ካርታዎች የደመናን ተጽዕኖ ለመቀነስ ከ10 ወይም ከ16 ቀናት ምስሎች ከፍተኛውን ቁጥር ስለሚወስዱ የአጭር ጊዜ ጉዳት ይሸፈናል።

ስለዚህ የግብርና ባለሙያው ሴንቲነል-2 የተባሉትን የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል እንዲያይልዎ ይጠይቁ። በነጻ ይገኛል፣ በ5 ቀን አንዴ ገደማ ያልፋል፣ ነጥቡም 10 ሜትር ስለሆነ ማሳዎ 50 ያህል ነጥብ ይይዛል። የዳር ነጥቦች ከጎረቤት ጋር ስለሚደባለቁ ይጣሉ፤ ደመናና የደመና ጥላ ያረፈባቸውም እንዲሁ። ንጽጽሩ ከራሱ ማሳ ያለፉ ዓመታት ጋር፣ በተመሳሳይ የዕድገት ደረጃ ይሁን።

እርስዎ ደግሞ የማሳውን አራት ማዕዘኖች በስልክ ጂፒኤስ ይመዝግቡ። ከዳር ገባ ብለው በ5 ቦታ 10፣ 10 ተክል ይቁጠሩ፤ ከ50ው ስንቱ ፍሬ እንደያዘ ከዘሩበት ቀን፣ ከዝርያው፣ ጺም ካወጣበትና ዝናብ ከተቋረጠበት ቀን ጋር ይጻፉ። የማሳውን ፎቶ ሳተላይቱ በሚያልፍበት ሰሞን ያንሱ። የአንድ ሰው ማሳ የአካባቢን አማካይ አያናውጥምና ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆናችሁ በአንድ ላይ አቅርቡ።

ለመኖ ማጨድ ካሰቡ ቆጠራው ይቅደም፣ መሃል ላይም አንድ መስመር ለማስረጃ ሳይታጨድ ይቆይ። ሲያጭዱ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ፤ ድርቅ የመታው በቆሎ ከብት የሚመርዘውን ናይትሬት በግንዱ ግርጌ ያከማቻል።