በትእዛዝ መስመር ፕሮግራሞች ውስጥ የምርጫ ዝርዝር ስለ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ተጠቃሚው በቀስት ቁልፎች ከዝርዝር ውስጥ እንዲመርጥ እፈልጋለሁ። ሆኖም ቀስቱ ሲነካ እንግዳ ምልክቶች ይታያሉ፤ ኤንተር እስኪጫን ድረስም ፕሮግራሜ ምንም አያነብም።

መልስ፦ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) በተለመደው አሠራሩ የተጻፈውን መስመር እስከ ኤንተር ድረስ ይዞ ያቆያል፤ የተጫኑትንም ቁልፎች መልሶ ያሳያል። በሊኑክስና በማክ እነዚህን ሁለት ባሕርያት ተርሚዮስ (termios) በተባሉት የተርሚናል ቅንብሮች ሲያጠፏቸው እያንዳንዱ ቁልፍ ወዲያውኑ ይደርስዎታል። የላይ ቀስት አብዛኛውን ጊዜ 27፣ 91 እና 65 በሆኑ 3 ባይቶች ይመጣል። 27 ብቻውን የኢስኬፕ ቁልፍ ስለሆነ፣ ተከታይ ባይት መኖር አለመኖሩን ለአጭር ጊዜ ጠብቆ መለየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ምርጫው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስክሪኑ ይርገበገባል።

መልስ፦ ስክሪኑን በሙሉ አያጥፉ፤ ጠቋሚውን ዝርዝሩ ወደጀመረበት መስመር መልሰው በላዩ ላይ ይጻፉ፣ ጽሑፉንም በአንድ ጊዜ ይላኩ። ከተርሚናሉ ስፋት የሚያልፍ መስመር ወደ ቀጣዩ ስለሚወርድና የመስመር ቆጠራዎን ስለሚያዛባ አስቀድመው ያሳጥሩት። ስፋቱን ግን በባይት አይለኩ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት አመዘጋገብ 3 ባይት ይይዛል።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚው በኮንትሮል-ሲ ካቋረጠ በኋላ የሚጽፈው አይታይም፤ ጠቋሚውም ጠፍቶ ይቀራል።

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተርሚናሉ የተጠቃሚው ንብረት እንጂ የፕሮግራምዎ አይደለም። ቅንብሩን ከመለወጥዎ በፊት ያስቀምጡት፤ ፕሮግራሙ በሰላም ቢያልቅም፣ በስሕተት ቢቆምም፣ በተጠቃሚው ቢቋረጥም የተቀመጠውን ይመልሱ፣ የደበቁትንም ጠቋሚ ያሳዩ። በፓይተን ለዚህ «ፋይናሊ» የሚባለው ክፍል ይረዳል። በኮንትሮል-ሲ ሲወጡ የተለመደው የመውጫ ቁጥር (ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለጠራው የሚመልሰው) 130 ነው።

ጥያቄ፦ የተመረጠውን በሼል ስክሪፕት ተለዋዋጭ ውስጥ ለመያዝ ስሞክር ዝርዝሩም አብሮ ይገባል።

መልስ፦ ዝርዝሩን ለስሕተት መልእክቶች በተለየው መውጫ (stderr) በኩል ያሳዩ፤ በመደበኛው መውጫ (stdout) የሚወጣው ምርጫው ብቻ ይሁን። ባሽ የተባለው ሼል የራሱ «ሴሌክት» ትእዛዝም ዝርዝሩን የሚያሳየው እንዲሁ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉትን ልጨምር፦ ፕሮግራሙ ሰው በሌለበት፣ በጊዜ ሰሌዳ ሲነሣ፣ የሚመርጥለት አያገኝም። ስለዚህ ግብዓቱ ከተርሚናል መምጣቱን አስቀድሞ ይመርምር፤ ካልሆነ ዝርዝሩን ሳይከፍት ምርጫውን ከትእዛዙ አማራጮች ይቀበል፣ እሱም ከሌለ ግልጽ መልእክት ሰጥቶ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ራሴ ልጻፈው?

መልስ፦ ለመማር ካልሆነ አይጻፉት። ለፓይተን ክዌስቸነሪ፣ ለኖድ (ጃቫስክሪፕት) ኢንኳየረር የተባሉ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች አሉ፤ ዝርዝሩ በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ተጠቃሚው በሚተይበው ቃል ዝርዝሩን የሚያጠብበውን ኤፍዜድኤፍ (fzf) የተባለ ፕሮግራም እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የስክሪን አንባቢ (ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀሙ ሰዎችስ?

መልስ፦ በላዩ ላይ ደጋግሞ የሚጻፍ ዝርዝር ለእነርሱ አድካሚ ሊሆን ይችላል። ምርጫዎቹን አንድ ጊዜ በተራ ቁጥር አትሞ ቁጥር የሚጠይቅ አማራጭ ያኑሩላቸው።