ፖሊስ ይዞት የነበረውን ጥንታዊ መኪና በሐራጅ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ፖሊስ በወንጀል ምርመራ ይዞት የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ቮልስዋገን ቢትል በሐራጅ እንደሚሸጥ አነበብሁ። መኪናውን ለረጅም ጊዜ ስመኘው ኖሬአለሁ፤ ሆኖም ከገዛሁት በኋላ ሌላ ሰው «የእኔ ነው» ብሎ እንዳይከሰኝ እሰጋለሁ። ሞተሩን አስነሥቶ መሞከርም አይፈቀድም ተብሏል። ልጫረት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ መልሱንም የሚያገኙት መኪናውን ከማየትዎ በፊት መዝገቡን በመጠየቅ ነው። የአገሮች ሕግ ቢለያይም፣ ፖሊስ አንድን ንብረት ለማስረጃነት ስለያዘ ብቻ የቀድሞው ባለቤት መብት ይቋረጣል ማለት አይደለም። ስለዚህ መኪናው እንዲወረስ ወይም እንዲሸጥ የወሰነው አካል ማን እንደሆነ፣ ውሳኔው በይግባኝ ሊሻር የሚችልበት ጊዜ ማለፉን፣ መኪናው የተሰረቀ ከነበረም ካሣ የከፈለ የመድን ድርጅት ወይም በዋስትና የያዘው አበዳሪ መኖር አለመኖሩን ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። የባለቤትነት ሰነዱን በስምዎ የሚያዞርልዎ መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነም አብረው ያረጋግጡ። ይህን በጽሑፍ ለመስጠት የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠመዎ፣ ምኞትዎ የቱንም ያህል ቢበረታ አይጫረቱ።

በጉብኝቱ ቀን የኋላ መቀመጫውን ለማንሣት ፈቃድ ይጠይቁ። የዚህ መኪና የሻንሲ ቁጥር ከመቀመጫው ሥር፣ ወለሉን መሐል ለመሐል በሚያቋርጠው ጉብታ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከሰነዱና ከፊተኛው ክዳን ሥር ካለው ሰሌዳ ጋር አንድ መሆን ይኖርበታል። የመፋቅ ወይም የብየዳ ምልክት ካዩ ግዢውን ይተዉት። በአንጻሩ የሞተር ቁጥሩ ባይገጥም ብዙ አይደንግጡ፤ የእነዚህ መኪኖች ሞተር ብዙ ጊዜ ስለሚቀየር፣ ለውጡ በሕጋዊ መንገድ እስከተመዘገበ ድረስ ጉዳቱ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚኖረውን ዋጋ መቀነሱ ነው። ባትሪውም የሚቀመጠው እዚያው ከኋላ መቀመጫው ሥር በመሆኑ አሲዱ ላሜራውን በልቶት እንደሆነ ይመልከቱ። ከበሮቹ ሥር ያለው ሙቅ አየር የሚያልፍበት የጎን ቦይ በዝገት ካለቀ ጥገናው ከባድ ነው፤ እኔ ከማይነሣ ሞተር ይልቅ የበሰበሰ አካልን እፈራለሁ። ፈታሾች የተደበቀ ዕቃ ሲፈልጉ መቀመጫና የበር ልባስ ቀድደው ሊሆን ስለሚችል ያንንም ይቁጠሩት።

በሐራጅ መኪናው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ስለሆነ፣ የማይነሣ ነው ብለው ገምተው የመጨረሻ ዋጋዎን አስቀድመው ይወስኑ፤ በዚህም ውስጥ ግብሩን፣ የአጫራቹን ክፍያ፣ የማቆያ ኪራዩንና የመጎተቻውን ወጪ ያካትቱ።

ካሸነፉ መኪናውን አስጎትተው ይውሰዱት እንጂ እዚያው ለማስነሣት አይሞክሩ። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ቤንዚኑ ይበላሻል፤ የፍሬን ዘይቱም እርጥበት ይስባል። ካንዴላዎቹን አስወጥተው በሲሊንደሮቹ ውስጥ ጥቂት ዘይት ያድርጉና ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። ከሁሉ በላይ ግን የነዳጅ ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ይለውጡ፤ የቢትል ሞተር ከኋላ በመሆኑ፣ የደረቀ ቱቦ ተሰንጥቆ ቤንዚን በጋለው ሞተር ላይ ቢያፈስ እሳቱ የሚነሣው ሾፌሩ ከማያየው ቦታ ነው።