ኤምኤስ ነው ወይስ አይደለም? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤምኤስ፣ ጠይቁኝ ብዬ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። በሽታውን ለማያውቅ፦ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የአንጎልን፣ የሕብለ ሰረሰርንና የዓይን ነርቭን ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ማይሊን ይባላል። እሱ ሲጎዳ በነርቭ የሚሄደው መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበዛል።

ጥያቄ፦ እጄንና እግሬን ይደነዝዘኛል። ጎግል ሳደርግ ኤምኤስ አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

መጀመሪያ ጎግሉን ዝጊው። መደንዘዝ መቶ ምክንያት አለው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጣት መደንዘዝ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አንጓ ላይ ጫና ያረፈበት ነርቭ ነው። ሁለቱንም እግር ከጣት ጀምሮ ካልሲ እንዳጠለቀ ሰው የሚያደነዝዝ ከሆነ የስኳር በሽታና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይቀድማሉ።

እኔን ኤምኤስ የሚያስጠረጥረኝ የጊዜው አካሄድ ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት እየባሰ ይሄዳል። ከ24 ሰዓት በላይ ይቆያል። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሻላል። አንድ ደቂቃ ውርር አድርጎ የሚጠፋ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ የሚታይ ነገር ብዙም አያስጨንቀኝም። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፦ አንገትሽን ወደ ደረትሽ ስትደፊ ኮረንቲ የመሰለ ነገር በጀርባሽ የሚወርድ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ። ሌርሚት ይባላል። በቢ12 እጥረትና በአንገት ዲስክም ይመጣል፤ ግን መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይኔ ደበዘዘ፤ ሳንቀሳቅሰው ያመኛል። መነጽር ልቀይር?

አትቀይር። ዓይንህን ዛሬ ነገ ሳትል አሳይ። የዓይን ነርቭ ብግነት ልክ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ የብዙ ሰው የመጀመሪያ የኤምኤስ ምልክትም እሱ ነው። ቤትህ ሆነህ አንድ ነገር ማየት ትችላለህ። ቀይ የጠርሙስ ክዳን ያዝ። መጀመሪያ በአንዱ ዓይን፣ ቀጥሎ በሌላው ብቻ እየው። በታመመው ዓይን ቀዩ የታጠበ፣ ወደ ሮዝ የሄደ ከመሰለህ ያንን ለሐኪሙ ንገረው። ከምታስበው በላይ ይጠቅመዋል። ክዳኑ እኩል ቀይ ሆኖ ቢታይህም ግን ከመሄድ አትቅር።

ጥያቄ፦ ለራስ ምታት ኤምአርአይ ተነስቼ "ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ፣ ኤምኤስ ሊሆን ይችላል" ተብሎ ተጻፈልኝ። አለቀልኝ?

ከሁሉም በላይ የመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሴም አጭር አይሆንም።

ነጭ ነጠብጣብ ብቻውን ኤምኤስ አይደለም። ማይግሬን፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ዕድሜ ራሱ ነጠብጣብ ይተዋሉ። ወሳኙ ቦታውና ቅርጹ ነው። የኤምኤስ ጠባሳ በአንጎል ውስጥ ባሉት የፈሳሽ ክፍሎች ዙሪያ ሞላላ ሆኖ ይሰለፋል። የአንጎልን ቅርፊት ይነካል፣ በአንጎል ግንድ፣ በኋለኛው አንጎልና በሕብለ ሰረሰር ላይም ይታያል። ማይግሬን ሕብለ ሰረሰር ላይ ጠባሳ አይተውም። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ የአንገትና የጀርባም ኤምአርአይ ይነሣል።

ኤምኤስን ለማረጋገጥ ሐኪሞች የሚጠቀሙት የማክዶናልድ መስፈርትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ዋናው ሐሳቡ ሁለት ነው፦ ጉዳቱ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ መሆኑ፣ እና በተለያየ ጊዜ መድረሱ። ኮንትራስት የሚባል፣ ፎቶውን የሚያጎላ መድኃኒት ተወግቶ ሲነሣ አዲሱ ጠባሳ ያበራል፣ አሮጌው አያበራም። ሁለቱም በአንድ ፎቶ ከታዩ የጊዜው ጥያቄ እዚያው ተመለሰ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰውየው ታሪክና የሐኪሙ የገዛ ምርመራ አለ። ፎቶውን ብቻ አይቶ "ኤምኤስ ነህ" የሚል ሰው ካጋጠመህ ሌላ ሐኪም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄን ከወገቧ ፈሳሽ ይወሰድ አሉ። ሽባ ያደርጋል ሲባል ሰምቻለሁ።

እናቴ፣ አይዞዎት። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። የተለመደው ጣጣ ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚሻል ራስ ምታት ነው፤ በቀናት ውስጥ ይለቃል። የሚፈለገው ኦሊጎክሎናል ባንድ የሚባል የፕሮቲን መስመር ነው። የዚያኑ ቀን ደምም ይወሰዳል፣ መስመሩ ፈሳሹ ላይ ኖሮ ደሙ ላይ መጥፋት ስላለበት። ኤምኤስ ካለባቸው አብዛኞቹ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ የማክዶናልድ መስፈርት ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ "በተለያየ ጊዜ" የሚለውን ማስረጃ ሊተካ ይችላል።

ጥያቄ፦ በደም ምርመራ አይታወቅም እንዴ?

ኤምኤስን ብቻውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። ደም የሚወሰደው ሌላውን ለማስወጣት ነው፦ ቢ12፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሉፐስ። ሁለቱንም ዓይን አንድ ላይ ከያዘ፣ ወይም ሕብለ ሰረሰሩ ረዘም ብሎ ከተቆጣ፣ አኳፖሪን 4 እና ሞግ የሚባሉ ፀረ አካላት ይመረመራሉ፤ ኤምኤስን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች ምልክት ናቸው። ይሄ የወረቀት ልዩነት እንዳይመስላችሁ። አንዳንድ የኤምኤስ መድኃኒቶች አኳፖሪን 4 ያለበትን በሽታ ያባብሳሉ።

ጥያቄ፦ ካርዴ ላይ ኢዲኤስኤስ 3.5 ይላል። ሠላሳ አምስት በመቶ አካል ጉዳተኛ ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። ኢዲኤስኤስ ኤምኤስ ያደረሰውን የአካል ጉዳት የሚለካ፣ ከ0 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ ነው፣ እንደ ፐርሰንት ግን አይቆጠርም። በ3.5 ያለ ድጋፍ ትሄዳለህ፤ ሐኪሙ ግን ሲመረምርህ ጉድለት አግኝቷል። 6 ላይ 100 ሜትር ያህል ለመሄድ ከዘራ ያስፈልጋል። እኔ መለኪያውን ብዙም አላደንቀውም። እግር ላይ ያተኩራል። ጠዋት ተነሥቶ ልብስ ሳይለብስ የሚደክመውን፣ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ቃሉ የሚጠፋበትን ሰው በደንብ አያሳይም። ስለዚህ ሐኪምህ ሰዓት ይዞ ቢያስኬድህ፣ ትናንሽ እንጨቶች በቀዳዳ ቢያስገባህ፣ ምልክትና ቁጥር ቢያዛምድህ አትገረም። የእግርህን፣ የእጅህንና የሐሳብህን ፍጥነት እየለካ ነው። ድካሙን ደግሞ ራስህ አፍ አውጥተህ ተናገር።

ጥያቄ፦ ሙቅ ሻወር ስወስድ የድሮው ምልክቴ ይመለሳል። አገረሸብኝ?

ሲቀዘቅዝልሽ የሚጠፋ ከሆነ አላገረሸም። ሙቀት የተጎዳውን ነርቭ ያዘገየዋል፣ አዲስ ጉዳት ግን አያመጣም። ትኩሳትና የሽንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ ያታልላሉ። ስለዚህ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ከመጀመሩ በፊት ሽንትሽ ይታይ።

ጥያቄ፦ ይተላለፋል?

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዘመድ ያለበት ሰው ዕድሉ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አብዛኞቹ የታማሚ ልጆች ግን አይያዙም።

ጥያቄ፦ "ገና አልተረጋገጠም፣ ጠብቅ" ተባልኩ። ምን እያደረግሁ ልጠብቅ?

ደብተር ያዝ። ምን ተሰማህ፣ የትኛው ጎን፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ ባሰ፣ መቼ ተሻለ። የኤምአርአዩን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም አስቀምጥ፣ ቀጣዩ ፎቶ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። አዲስ ነገር ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ቀጠሮህን አትጠብቅ። ፊትህ ድንገት ከተጣመመ፣ ወይም አንድ ጎንህ በደቂቃዎች ውስጥ ከዛለ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል፣ ደብተሩን ትተህ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።