ጥያቄና መልስ፦ ጽሑፉ «ክፈይ» ሲለኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። መመረቂያዬ በቡና ፍሬ በሽታ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ደህና የሚመስለው ጽሑፍ ሁሉ በዶላር ክፈይ ይለኛል። የቆየ መረጃማ ጭራሽ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመክፈል አትቸኩዪ። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጎግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር ሌሎች ቅጂዎቹን የሚያሳይ ማያያዣ አለ። ብዙ ጊዜ ነጻው ፒዲኤፍ እዚያ ነው። ካጣሽው ለጸሐፊው አጭር ኢሜይል ላኪ። ከሽያጩ ሳንቲም ስለማይደርሰው አይሰስትም።

የቆየውን ያጣሽው በሽታውን በሚያመጣው ፈንገስ ስም የተነሳ ይመስለኛል። በሽታው አገራችን ውስጥ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ፈንገሱን «ኮሌቶትሪከም ኮፊያነም» ይሉት ነበር። «ኮሌቶትሪከም ካሃዌ» የተባለው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። በአዲሱ ስም ብቻ ከፈለግሽ የሃያ ዓመት ሥራ ያመልጥሻል። በሁለቱም ሞክሪ። አንድ ጥሩ የድሮ ጽሑፍ ስታገኚ ደግሞ በኋላ እነማን እንደጠቀሱት ተመልከቺ፤ ስኮላር ይዘረዝርልሻል። እኔ ከቁልፍ ቃል ይልቅ ይህን መንገድ አምናለሁ።

ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ የለም። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው አጠገብሽ ነው። ሄደሽ የቆዩ የታተሙ ሪፖርቶችን ጠይቂ። ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ ያዢ፤ ያለ ደብዳቤ የጥበቃ በር ላይ የሚሆነውን መቼም ታውቂዋለሽ። ያነበብሽውን ገጽ ቁጥሩን እዚያው መዝግቢ።

ቻትጂፒቲ የሰጠሽን ማጣቀሻ ግን ዋናውን ጽሑፍ ሳትከፍቺ እንዳትጠቅሺ። አንዳንዴ የሌለ ጽሑፍ ይፈጥራል፣ ያውም ከነቅጽ ቁጥሩ።