«ራእይ» ወይስ «ራዕይ»?

ከደብረ ብርሃን አንዲት መምህርት ጽፈውልኛል። የትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ «ራዕያችን» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። እሳቸው በሰንበት ትምህርት ቤት የለመዱት ግን «ራእይ» ነው። «የቱ ነው ትክክሉ? መንዝ ተወልደው ያደጉት አያቴ ደግሞ ‹ራእይ አየሁ› ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ‹ታየኝ› ነው የሚሉት። ይህስ ለምንድን ነው?» ይላሉ።

ከፊደሉ ልጀምር። ትክክሉ «ራእይ» ነው፣ በአልፋው «አ»። ቃሉ የሚወጣው ከግእዙ «ርእየ» ነው፤ አየ ማለት ነው። «አርአያ» የዚሁ ዘመድ ነው። ጥር 21 ቀን የሚከበረው በዓል «አስተርእዮ ማርያም» የሚባለውም ከዚሁ ግስ ነው። በዐይኑ «ዐ» የሚጻፈው «ርዕየ» ግን ሌላ ግስ ነው። መንጋ ጠበቀ፣ አሰማራ ማለት ነው፤ «መርዔት» የሚለው ቃል ከዚያ ይወጣል። ዕብራይስጡም ሁለቱን እንዲሁ በአሌፍና በዐይን ለይቶ ይጽፋል። እንግዲህ «ራዕይ» ብሎ የጻፈ ሰው ቃሉን ከማየት ነቅሎ ወደ ግጦሽ መስክ ወስዶታል።

«በአማርኛ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆነዋል፤ ታዲያ ምን ያጨቃጭቃል?» የሚሉ አሉ። በአንደበት አንድ መሆናቸው እውነት ነው፤ አልክድም። ፊደል ግን የቃሉን ዘመድም ያሳያል። እዚያው ሰሌዳ ላይ ከ«ራዕይ» ሥር «ተልዕኮ» ተብሎ እንደተጻፈ እገምታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነውና። እሱም «ተልእኮ» ነው፤ ከ«ለአከ»፣ ላከ ከሚለው። በአልፋው ሲጻፍ «መልአክ» እና «መልእክት» ዘመዶቹ እንደሆኑ ወዲያው ይታያል። በ«ዕ» ሲጻፍ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ወደ አያትዎ ንግግር ልምጣ፤ እኔን የያዘኝ ይኸኛው ነው። «አየሁ» ሲባል የግሱ ባለቤት ተናጋሪው ነው። «ታየኝ» ሲባል ግን ባለቤቱ የታየው ነገር ነው፤ ተናጋሪው «ኝ» ውስጥ ገብቶ ተቀባይ ሆኗል። መንዝ ውስጥ ጉም ሲገለጥ «ጓሳው ታየኝ» ቢባል ያስኬዳል። ሰውየው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ ተራራው ነው ብቅ ያለለት። «ተገለጠልኝ»ም እንዲሁ ነው። መሸፈኛው የተነሣው ከወዲያ በኩል ነው። ሊቃውንቱ ዐይነ ሥጋን ከዐይነ ልቡና ይለያሉ፤ አያትዎ ይህንኑ በአንዲት «ኝ» ነው የሚገልጹት። በዐይነ ልቡና የሚታየውን ሰው ፈልጎ አያገኘውም፤ ይሰጠዋል።

የከተማዎ ስምም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ እንደሆነ ይተረካል። ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ኮከብም ይሁን ተአምር፣ በትረካው «ብርሃን ታየ» ነው የሚባለው፤ ባለቤቱ ብርሃኑ ነው።

ስለዚህ ራእይ ይታያል እንጂ በስብሰባ ተረቅቆ አይጸድቅም ባይ ነኝ። ለዚያ «ግብ» የሚል ጥሩ ቃል አለን። «ቃል ይሰፋል፤ ‹ባለ ራእይ› ድሮም አርቆ የሚያይ ሰው ነው» ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። ድሮ ባለ ራእይ ነቢይ ነበር፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 9፥9 ላይ በግልጽ ተጽፏል። ዛሬ ግን ባንኩም፣ ወረዳውም፣ የኳስ ክለቡም ራእይ አለው፤ ሕዝቡም ለምዶታል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ፍቺ ሊተወው አይችልም። እኔም ብሆን አልተወውም፤ ደስ ሳይለኝ ግን እመዘግበዋለሁ።

እርስዎም ስለ ፍቺው ከርእሰ መምህሩ ጋር አይጣሉ። ሰሌዳው በሚታደስበት ጊዜ ግን «ዕ»ዎቹን በ«እ» ያስለውጡ።