«የአዳማ እና የሐዋሳ ደንበኞች»፦ አማርኛው «እና» ሲል ኮዱ ለምን «ኦር» ይላል?

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። የሽያጭ ክፍሉ «ከ10,000 ብር በላይ የገዙ የአዳማ እና የሐዋሳ ደንበኞች ይውጡልን» ብሎ ጻፈልኝ። «እና»ን በኤስኪውኤል (SQL፣ የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ) «ኤንድ» (AND) ብዬ ሳስገባው አንድም ሰው አልወጣም። በ«ኦር» (OR) ስቀይረው ደግሞ ያልተፈለጉ ሰዎች ገቡ። ስህተቱ የአማርኛው ነው ወይስ የኔ? «ወይም» መባል ነበረበት?

መልስ፦ አማርኛው ልክ ነው። «የአዳማ ወይም የሐዋሳ ደንበኞች ይውጡልን» ቢባል ኖሮ «ከሁለቱ ከተሞች አንዱን መርጠህ አውጣ» ተብሎም ሊተረጎም ይችል ነበር።

መታየት ያለበት «እና» ምንን ከምን እንዳያያዘ ነው። እዚህ ያያያዘው ሰዎችን ነው፤ የአዳማዎቹን ከሐዋሳዎቹ ጋር ደመራቸው። ኮዱ ግን ሰው አይደምርም። መዝገቡን ረድፍ በረድፍ እያነሳ፣ አንድ ደንበኛ ብቻ ፊቱ አቁሞ «ከተማው አዳማ ነው? ከተማው ሐዋሳ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ኤንድ» የሚያያይዘው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ሁለቱም «አዎ» ካልተባሉ ሰውየው አያልፍም። ለአንድ ደንበኛ የተመዘገበው ከተማ አንድ ብቻ ስለሆነ ማንም አላለፈም።

መለያው ቀላል ነው፦ ሐረጉን ወደ ነጠላ ቁጥር ይመልሱት። «አዳማ የሚኖርና በዱቤ የገዛ ደንበኛ» ቢሉ ለጆሮ አይጎረብጥም፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «ኤንድ» ነው። «የአዳማና የሐዋሳ ነዋሪ የሆነ ደንበኛ» ሲሉ ግን ለጆሮ ይጎረብጣል። እዚያ ላይ «እና» ሰው ደማሪ ነውና በኮድ «ኦር» ይሆናል።

በተላከልዎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እውነተኛው «ኤንድ» የታለ? በቃል አልተጻፈም። አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ስለሚደረድር፣ «ከ10,000 ብር በላይ የገዙ» የሚለው ያለ ምንም አያያዥ ከፊት መቀመጡ ራሱ «ኤንድ» ነው። የሚገልጸውም የአዳማዎቹንም የሐዋሳዎቹንም ነው። ሁለተኛው ስህተትዎ የመጣው ከዚህ ነው። የጻፉት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፦

ከተማ = 'አዳማ' ኦር ከተማ = 'ሐዋሳ' ኤንድ ግዢ > 10000

ኤስኪውኤል «ኤንድ»ን ከ«ኦር» አስቀድሞ ይሠራል። ስለዚህ የብሩ ገደብ ከሐዋሳ ጋር ብቻ ተጣብቆ አዳማ ያለ ገደብ ቀረ። አምስት ደንበኞች ቢኖሩ፣ ከአዳማ የ4,000 እና የ12,000፣ ከሐዋሳ የ9,000 እና የ15,000፣ ከጎንደር የ20,000 ብር ገዢ፣ ይህ ማጣሪያ ሦስት ሰው ያወጣል፤ የ4,000 ብሩ የአዳማ ሰው አብሮ ይገባል። ሁለቱን ከተሞች በቅንፍ ሲያስሩ ትክክለኞቹ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፦

(ከተማ = 'አዳማ' ኦር ከተማ = 'ሐዋሳ') ኤንድ ግዢ > 10000

በፓንዳስ (pandas፣ የፓይተን ቋንቋ የሰንጠረዥ መሣሪያ) የሚሠሩ ከሆነ ቅንፉ ይበዛል። እዚያ በ«ኤንድ» እና በ«ኦር» ፈንታ የሚጻፉት «&» እና «|» ከ«>» እና ከ«==» ስለሚቀድሙ እያንዳንዱ ንጽጽር የራሱን ቅንፍ ይፈልጋል።

አሉታ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «አዳማ ወይም ሐዋሳ የማይኖሩ» የሚለውን ቃል በቃል ወስደው («<>» «አይደለም» ማለት ነው) ከተማ <> 'አዳማ' ኦር ከተማ <> 'ሐዋሳ' ቢጽፉ ከተማው የተመዘገበ ሰው ሁሉ ያልፋል፤ የአዳማው ሰው «ሐዋሳ አይደለሁም» ብሎ፣ የሐዋሳው «አዳማ አይደለሁም» ብሎ ይገባልና። የሚፈለገው «ኤንድ» ነው። አማርኛ ለዚህ ከ«ወይም» የጠራ መንገድ አለው፤ «አዳማም ሐዋሳም የማይኖሩ» ይበሉ። የተደጋገመው «ም» ከአሉታ ግሥ ጋር ሲመጣ ሁለቱንም ይክዳል፣ ሌላ ትርጉም አይሰጥም። ከተማቸው ሳይሞላ ባዶ (NULL) የቀረ ደንበኞች ግን በ«<>» አይወጡም፤ ከተፈለጉ ለብቻ መጠየቅ አለባቸው።

ሆሄውንም ይመልከቱ። «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «አዋሳ» ለአንባቢ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለ«=» ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መዝገቡ በአንድ ሆሄ ካልተስተካከለ ሦስቱንም በ«ኦር» መደርደር ግድ ነው።

የቀረው «በላይ» ነው። ልክ 10,000 ብር የገዛው ሰው ይገባል? በቃሉ ከሄድን አይገባም፣ ምልክቱ «>» ነው። በንግግር ግን ብዙ ሰው ድንበሩንም ጨምሮ «በላይ» ስለሚል የሽያጭ ክፍሉን ሳይጠይቁ አይለፉ። ከሕግና ከውል ጽሑፍ የምናውቃቸው ሁለት ቃላት አያሻሙም፦ «ከ10,000 ብር ያላነሰ» ሲባል «>=»፣ «ያልበለጠ» ሲባል «<=» ነው። ጥያቄው «ከ10,000 ብር ያላነሰ የገዙ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ከሚኖሩት ደንበኞች እያንዳንዱ» ተብሎ ቢጻፍልዎ ወደ ኮድ የሚገባው ቃል በቃል ነው።