«ትንበያ እንጂ ቁማር አይደለም» ለሚል ወንድም የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ በአንድ ጨዋታ ሁለቱም ቡድኖች ጎል ያስቆጥራሉ ወይ በሚለው ላይ በትንበያ ገበያ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» እገዛለሁ። ከአቋማሪ ድርጅት ጋር አልወራረድም፤ ቡድኖቹን አጥንቼ በእውቀቴ ነው የማገኘው፤ አሥራትም አወጣለሁ። ሐዋርያትስ ዕጣ ጥለው የለምን? ይህ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፥ «ከድርጅት ጋር አልወራረድም» የሚለውን ቃል ከብዙ ወጣቶች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ የሚናገሩትም ከልባቸው አምነውበት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የገበያውን አሠራር አብረን እንመልከት። ግምቱ የሰመረለት የሚወስደው የመጨረሻ ክፍያ 100 ነው እንበል፥ የተሳሳተው ግን ያስያዘውን ያጣል፤ «ይሆናል» በ60 ሲሸጥ «አይሆንም» በ40 ገደማ ይሸጣል። ሁለቱም ቡድኖች ካስቆጠሩ አንተ 100 ትወስዳለህ፤ ትርፍህ 40 ነው። ይህ 40 ከየት መጣ? ስሙን የማታውቀው፥ «አይሆንም» ብሎ የገዛው ሰው ያስያዘው 40 ነው። ድርጅቱን ሸሽተህ የወንድምህ ኪስ ውስጥ ገብተሃል፤ ሁለታችሁን የሚያገናኘው መድረክም ብዙ ጊዜ ከመካከል የራሱን ድርሻ ያነሣል።

አንድ ጊዜ ከአንድ ወጣት ጋር ጨዋታ ስመለከት 88ኛው ደቂቃ ላይ ውጤቱ 2 ለ 0 ነበር። ልጁ የተሸነፈው ቡድን ደጋፊ አልነበረም፤ ነገር ግን «ይሆናል» ገዝቶ ስለ ነበር ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ «አምላኬ፥ አንዲት ጎል ብቻ» እያለ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያች ደቂቃ «አይሆንም» የገዛ ሌላ ክርስቲያንም መረቡ እንዳይነካ ይጸልይ ይሆናል። አንዱ የሌላውን ኪሳራ ከአንድ አባት ሲለምን፥ እያንዳንዱ ለባልንጀራው የሚጠቅመውን ይመልከት ያለው የሐዋርያው ቃል (ፊልጵ. 2፥4) ምን ቦታ ቀረው?

እውቀትን በተመለከተ፥ እንዲህ ያለ ገበያ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1988 እ.ኤ.አ. የምርጫን ውጤት ለማጥናት መከፈቱን አውቃለሁ፤ ዋጋው የብዙ ሰዎችን ግምት አሰባስቦ እንደሚያሳይም አልክድም። ነገር ግን አንተ ያጠናኸውን ሌላውም አጥንቶታል፤ እውቀትህ ትርፍ የሚያመጣልህ ወንድምህ ሲሳሳት ብቻ ነው። ከእርሱ የተሻለ ካወቅህ ፍቅር እንድታስረዳው ያዝዝሃል፤ ገበያው ግን ስሕተቱን ሳይነቃበት እንድትቀድመው ያዝዝሃል። ይህ ቁማር ነው፥ ወንድሜ፤ ስሙ ስለ ተለወጠ ግብሩ አልተለወጠም። በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖናም ቁማርን ከጳጳስ እስከ ምእመን ሁሉም እንዲተወው ያዝዛል።

ዕጣን በተመለከተ ደግሞ፥ በሐዲስ ኪዳን ከምናገኛቸው ዕጣዎች ሁለቱን እንመልከት። ሐዋርያት ጸልየው በማትያስና በዮሴፍ ላይ ዕጣ ሲጥሉ (ሐዋ. 1፥23-26) ማንም ገንዘብ አላስያዘም፤ የተፈለገው አገልጋይ ነበር። ከመስቀሉ ሥር ያሉት ወታደሮች ግን ዕጣ የጣሉት የሌላውን ልብስ ለመውሰድ ነው (ዮሐ. 19፥24)። ያንተ ዕጣ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል አንተው መዝነው። ኳስ መመልከትህን ግን አልነቅፍም።

አሥራቱም ቢሆን ያልተቀደሰውን ገንዘብ አይቀድሰውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖርለት ሰው በገዛ እጆቹ መልካምን እየሠራ ይድከም ብሏል (ኤፌ. 4፥28)፤ ምጽዋቱን ከድካሙ ለይቶ አላየውም። ስለዚህ በገበያው ያለህን ቀሪ ገንዘብ አውጣ፥ መተግበሪያውንም ከስልክህ አጥፋ። ዘኬዎስ ለበደላቸው ሰዎች አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)፤ አንተ ግን ስለማታውቃቸው ያተረፍኸውን በእነርሱ ፈንታ ለችግረኞች ስጥ፤ ይህንም አሥራት አትበለው። ወደ ንስሐ አባትህ ስትቀርብ «ትንበያ» ብለህ አትጀምር፤ ያ 40 ከማን ኪስ እንደ መጣ አስቀድመህ ንገራቸው።